በኑህ ሱቅ የተነበበው ደብዳቤህ

አሰብ፣ ፲፱፻፵፱ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሀብቴ። ባሕር ያሻገረህ አምላክ በሰው አገር ከብርድም ከክፉ ሰውም ይሰውርህ። እኛ ደህና ነን፤ ሙቀቱ ግን ጣራውን ሊያቀልጠው ደርሷል።

ደብዳቤህ እንደ ልማዳችን በኑህ ሱቅ ለሰፈሩ ሁሉ ተነበበ። ያነበበው ዘንድሮ ተመርቆ የመጣው መምህር ብዙነህ ነው፤ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይችል ልጅ። እንግሊዝ አገር ፖሊሱ ያለ ጠመንጃ እንደሚዞር፣ ሰዉም አደባባይ ቆሞ መንግሥትን እንደሚነቅፍ ያልከውን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ከደባይሲማ የመጣ አንድ አፋር ጠመንጃውን ታቅፎ፣ ኑህ ሲተረጉምለት ቆየና፣ «እኔን ይህን ማን ፈቀደልህ ያለኝ የለም። እናንተ ለአፋችሁ ነው ፈቃድ የምትሹት?» ብሎ አሳቀን። ስኳር ሊገዛ የገባ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰው ግን ሳይስቅ ስኳሩን ተቀብሎ ወጣ።

በማግስቱ የዚያ ሰው አለቆች ብዙነህን ጠርተው፣ ደብዳቤውን የጻፈው ልጅ በማን ገንዘብ እንደሚማር ጠየቁት። በመንግሥት ገንዘብ መሆኑን እነሱም ያውቃሉ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ ትምህርትህን ሳትጨርስ ቢመልሱህስ?

ይህንንም የሚጽፍልኝ ብዙነህ ነው። «ዝም በል ብለህ ጻፍልኝ» ስለው፣ «እትዬ እቴናት፣ ይህንንስ እጄ አይጽፍም። አንድ ቀን እዚህም ሰው እንደዚያ መናገሩ አይቀርም» አለኝ። «እንግዲያው ፍርሃቴን ጻፍ» አልኩት። እሱን እሺ አለ።

ልጄ፣ እባክህ ለጊዜው ስለ ጤናህ ብቻ ጻፍልን። የቀረውን ተምረህ ስትመጣ ንገረኝ፤ በሩን ዘግቼ እስክትጨርስ እሰማሃለሁ። ለዚያ ቀን ያድርሰን።

እናትህ እቴናት