የኢምራን መኪና ክሩስኮት የማን እጅ እንደሆነ

በአላህ ስም እጀምራለሁ። ዛሬ ቅዳሜ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. የሐይቅ ከተማ ነዋሪ የሆንኩት አናጺ ሙሐመድሁሴን ይማም፣ ዕድሜዬ ሰባ አራት፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ ይህን ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት በቃሌ እሰጣለሁ። የደከመው ሳንባዬ ነው፤ ሃምሳ ዓመት የእንጨት ብናኝ ጠጥቷል። አእምሮዬ ግን እንደ ውኃ ልክ ቀጥ ያለ ነው፤ የሚጠራጠር ካለ አሁኑኑ የፈለገውን ይጠይቀኝ። ጸሐፊው ጎረቤቴ ዘይኑልአቢዲን ናቸው፤ የተናገርኩትን እንዳያሳምሩብኝ አደራ ብያቸዋለሁ።

አንደኛ። ወራሾቼ ሦስት ናቸው፤ ባለቤቴ ራህማ፣ ወንድ ልጄ ጠሃ፣ ሴት ልጄ ሀጀራ። የመኖሪያ ቤቴንና የእንጨት ሥራ ቤቴን ድርሻ ሸሪዓው ስለወሰነው እኔ አልጨምርም፣ አልቀንስም፤ ቃዲው ያካፍሏቸው። ራህማን ግን በሕይወት እስካለች ሐይቁን ከሚያየው ክፍል ማንም እንዳያስነሣት። አርባ አምስት ዓመት ብናኝ ከልብሴ ስታራግፍ አንድ ቀን ብቻ ነው የተቆጣችኝ፤ ያን ቀንም ጥፋቱ የኔ ነበር።

ሁለተኛ። ረጅሙ መጋዜ የሙያ ባልደረባዬ ሐቢብ ዘንድ ነው። ለአንድ ቀን ብሎ ከወሰደው ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ትቼለታለሁ፤ ነገር ግን እንደማውቅ ይነገረው።

ሦስተኛ። በዚህ ከተማ ልጁን ሲድር እኔ ዘንድ አልጋ ያላሠራ፣ ሙስሊምም ሆነ ክርስቲያን፣ ጥቂት ነው። የሰቀልኩት በር ወርዶ አያውቅም። ይህን የምናገረው ለጉራ አይደለም፤ ትንሽ ለጉራም ነው። ቀጥሎ ያለውን ስናገር ማን እየተናገረ እንደሆነ እንዲታወቅልኝ ነው።

አራተኛውና ዋናው ይህ ነው። የአምባሰሉ ተወላጅ ኢምራን አዲስ አበባ ይነግዳል፤ አሮጌ የስፖርት መኪኖች እየፈለገም ያድሳል። አምና ክረምት የአንዲቱን ቀይ መኪና ክሩስኮት፣ መሪው ፊት ያለውን፣ ቆጣሪዎቹ የሚሰኩበትን የእንጨት ገጽ ማለቴ ነው፣ ነቅሎ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ስልሳ ዓመት ያለፈው፣ ፀሐይ የሰነጠቀው፣ አንድ ጥጉ የጠፋ እንጨት ነበር። «የአባቴን አልጋ የሠራ እጅ ይሥራልኝ» አለ። ደስ አለኝ።

ከዚያ የሆነውን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። በር እንደምቀባ አድርጌ ቀባሁት። በነሐሴ፣ የሐይቁ እርጥበት ቤት ድረስ በሚገባበት ወር፣ ቫርኒሹን አወፈርኩት። በማግስቱ አጓት የተደፋበት መስሎ ነጥቶ አገኘሁት። ደገምኩት፤ ባሰ። ጆንያ ጣልኩበትና ለሳንባዬ ሕክምና ደሴ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር የሸሸሁት ከክሩስኮቱ ነው።

ሀጀራ ያኔ ከጅዳ ከተመለሰች አምስት ወሯ ነበር። ልጅ ሳለች እንጨት ስታለሰልስ እጇ ከወንድሟ እጅ ይሻል ነበር። አሥራ አራት ሲሞላት «ሴት ልጅ ከመጋዝ ጋር ምን አላት» ብዬ ከሥራ ቤቱ ያስወጣኋት እኔ ነኝ። ጅዳ ተቀጥራ የሠራችበት ቤት በአሮጌ የእንጨት ዕቃ የተሞላ ነበርና፣ የቤቱ አሮጊት በጨርቅ እያሹ ስስ ቅብ መቀባትን አስተምረዋታል። ደሴ ሳለሁ የኔን ቫርኒሽ በሙሉ ፍቃ አነሣችው። የጎደለውን ጥግ ከወይራ ቆርጣ፣ የእንጨቱን መስመር ከመስመሩ አጋጥማ ተካችው። ከዚያ በቀን አንድ ስስ ቅብ ብቻ፣ እሱንም እርጥበቱ በሚነሣበት በቀትር፤ ሲደርቅ ማለስለስ፣ በማግስቱ እንደገና መቀባት። አሥራ ስድስት ቀን ፈጀባት። ተመልሼ ጆንያውን ስገልጥ ፊቴን አየሁበት። መገጣጠሚያውን በጥፍሬ ፈልጌ አጣሁት፤ የሌላውን አናጺ መገጣጠሚያ ከሩቅ የምለይ ሰው ሆኜ።

ኢምራን ወስዶ ከገጠመው በኋላ መኪናዋን እየነዳ ደጄ ድረስ መጣ። ባጃጆች ሳይቀሩ ቆመው አዩ። «ይህ የማን እጅ ነው?» አለኝ። «የማን ይሆናል?» አልኩት። ሀጀራ ከኋላዬ ቆማ ትሰማ ነበር።

አሁን ኢምራን የሌሎች አራት መኪኖቹን እንጨት «ለዚያ እጅ» ሊልክ ነው። ጠሃ ሥራውን ሊቀበል ተዘጋጅቷል። ሀጀራ ደግሞ ፓስፖርቷን አሳድሳ ጅዳ ሰው ቤት ልታገለግል ልትመለስ ነው። ይህን ይዤ ጌታዬ ፊት አልቀርብም። ስለዚህ እጁ የሀጀራ መሆኑን አረጋግጣለሁ። ስጦታ አይደለም፤ ለወራሽ በኑዛዜ ጨምሮ መስጠት እንደማይፈቀድ አውቃለሁ። ሐቋን መመለሴ ነው፤ ሐቅ ደግሞ ከውርስ ይቀድማል። ኢምራን የሚልከው ሥራ የሷ ይሁን። በሥራ ቤቱ መስኮት ሥር ያለውን የመሥሪያ ጠረጴዛ እንዲለቅላትም ወንድሟን በምስክሮቹ ፊት ጠየቅሁት።

ጠሃ «አባዬ፣ እኔስ አሥራ ሁለት ዓመት ብናኝ የበላሁት ለማን ነው?» አለ። ይጻፍለት፤ መጠየቁ ተገቢ ነው። «ያንተ በር ሲዘጋ ድምፅ የለውም፤ ከኔ በር ይበልጣል። ይህ ግን ያንተ አይደለም፤ የኔም አልነበረም» አልኩት። ከዚያ «እለቅላታለሁ። ለኢምራን ግን እኔ አልነግረውም፤ አንቱ ይንገሩት» አለ።

እዚሁ ለኢምራን ደወልኩ፤ ሁሉም እንዲሰማ የስልኩ ድምፅ ተከፈተ። «ያን ክሩስኮት የሠራችው ልጄ ናት። ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኩት። ሃምሳ ዓመት ስሠራ ይህ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፤ ከባድ ነው። ሀጀራንም ስለበደልኳት አፉ በይኝ አልኳት። «ድሮ ብያለሁ፣ አባዬ» አለች፤ እያለቀሰች ነበር።

ኢምራንም «እሺ፣ ሥራውን በማን ስም ልጻፈው?» አለ።

«ሀጀራ ሙሐመድሁሴን ብለህ ጻፍ» አልኩት።

እየጻፈ ጮክ ብሎ ደገመው። ስሜ ከስሟ ኋላ ሲጠራ ሰማሁ፤ እንዲህ ኮርቼ አላውቅም።

ይህ ቃል ለእኔና ለአራቱ ምስክሮች ተነብቦ፣ የተናገርኩት መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።

ተናዛዥ፦ ሙሐመድሁሴን ይማም (ፊርማ)
ምስክሮች፦ ሀምዳን ሰዒድ (ፊርማ)፣ ኑርሀያት እንድሪስ (ፊርማ)፣ ደምሌ ተገኘ (ፊርማ)፣ መስኡዳ አሕመድ (የጣት አሻራ)
ጸሐፊ፦ ዘይኑልአቢዲን ሙሄ (ፊርማ)