የጉጉቷ ቀዳዳ

ለእትዬ፣

እንደምን ከረማችሁልኝ? የእናታችን ጉልበት እንዴት ሆነላት? የባለቤትሽስ ሳል፣ ለቀቀው? ልጆቹስ? የተቀየምኩትን ሰው እንኳ ጤናውን ሳልጠይቅ እጄ አይጽፍልኝም። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ማለቴ የጆንያ አፍ መስፋቴን አላቋረጥኩም ለማለት ነው።

ስለ ጉጉቷ የጻፍኩት ላንቺ ብቻ ነበር። ከእህል መጋዘናችን ጀርባ፣ ጡብ በወለቀበት ቀዳዳ ውስጥ አራት ጫጩት እንዳላት። እንቁላሎቿን በሁለት በሁለት ቀን ልዩነት ስለምትጥል ልጆቿ እንደ ደረጃ ተበላልጠው እንደሚቆሙ። አይጥ ሳታላምጥ ውጣ ፀጉሩንና አጥንቱን ጠቅልላ እንደምትተፋ፤ እኔም በምሳ ሰዓት የተፋችውን በጆንያ መርፌዬ እየፈታሁ የአይጥ ራስ ቅል እንደምቆጥር። በአንዱ ድቡልቡል ውስጥ አምስት አግኝቼ ብቻዬን ሳቅኩ። ለሌላ ሰው ብነግረው ለየላት ይለኛል ብዬ ላንቺ ጻፍኩ።

ማክሰኞ አለቃችን ጠሩኝ። የእናታችን የአክስት ልጅ ናቸውና እዚህ ያስቀጠሩኝ እሳቸው መሆናቸውን ታውቂያለሽ። እጃቸው ላይ አንቺ የጻፍሽላቸውን ደብዳቤ አየሁ። ተሸካሚዎቹ ሚዛኑ አጠገብ ቆመው እየሰሙ፣ አለቃችን ጮክ ብለው አነበቡት። "ጉጉት ሞት ጠሪ ነው፤ እናታችን ታማብናለች፤ እህቴ ከዚያ ወፍ ጋር ትውላለች፤ አእምሮዋ ሳይነካ አንድ ይበሉልኝ።"

"እህትሽ ተጨንቃ ነው፤ አትቀየሚያት" አሉኝ። ከዚያ ቀዳዳውን እንዲደፍን ግንበኛውን ላኩት።

እናታችን ጉልበቷን ካመማት ሰባት ዓመቷ ነው፣ እትዬ። ጉጉቷ ከመጣች ሦስት ወሯ።

ግንበኛው ጫጩቶቹን ሳያወጣ ነው በሲሚንቶ የደፈነው። ባዶ መስሎኝ ነው ብሎ ማለልኝ። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ብጥል እንደሚያንኮራፋ ሰው ድምፃቸው ይሰማል። ተሸካሚዎቹ "የጉጉት ሚዜ፣ ሠርጉ መቼ ነው?" አሉኝ፤ እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ። ለምን እንደሳቅኩ አላውቅም። ከዚያ የግንበኛውን መዶሻ አነሳሁ። ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነበር። ሦስቱ በሕይወት አሉ። ትንሹ ከሥር ነበር።

አለቃችን አልጮሁብኝም። "እስከ ወሩ መጨረሻ ታገሥኩሽ፤ ከዚያ አንቺም እነሱም ትበራላችሁ" አሉ። የወፎቹ ክንፍ እስከዚያ ይደርሳል። እኔ የት እንደምሄድ ገና አላሰብኩም።

የጉጉት አንዱ ጆሮ ከሌላው ከፍ ብሎ ነው የተፈጠረው። በዚያ ነው ገለባ ሥር ያለች አይጥ በየት በኩል እንዳለች የምታውቀው። እኔም ደብዳቤሽን ከአለቃችን ለምኜ ወስጄ፣ ክፋቱ በየት በኩል እንደሆነ ደጋግሜ አዳመጥኩ። የለም። ፍርሃት ብቻ ነው። ክፋት ባገኝበት ይቀለኝ ነበር። ከፈራሽልኝ ለእኔ አትጽፊልኝም ነበር? የልቤን ያዋየሁሽ እኔ፣ የተነገረው ለእሳቸው። አሁን ይህንን እየጻፍኩ እንኳ ማን ፊት ይነበብ ይሆን እላለሁ።

የእናታችንን ጉልበት ሳሚልኝ። ባለቤትሽን ጤና ይስጥህ በይልኝ። ለልጆቹ ጫጩቶቹ ሦስት ናቸው በያቸው፤ አራት ነበሩ አትበያቸው። ላንቺም ሰላምታ ጽፌ ሰረዝኩት፤ ከሥሩ ደግሜ ጻፍኩት። ሁለቱንም አንብቢያቸው።

እህትሽ
ከእህል መጋዘኑ ጀርባ፣ ግንቦት ፲፬ ቀን