የሰው ደጃፍ እንቁላል

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለኦጃራ፤

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህን ዝናብ ሲመጣ ዛሬም ይጠዘጥዝሃል? የእማዬስ ዓይን ተሻላት? ልጆቹስ አደጉ? እኔና ልጄ አቲም ደህና ነን፤ የጠየቀን ባይኖርም።

መጠለያው ከአማፂዎቹ እጅ ያመለጥነውን ሴቶች ሰብስቦ ሩዌንዞሪ ተራራ ወስዶን ነበር። ተራራ መውጣት የተጎዳ ልብ ይጠግናል አሉ። አስበው እንግዲህ! ጭነት ተሸክመን ጫካ ለጫካ ስንነዳ ኖረን፣ አሁን ደግሞ አዲስ ጫማ አድርገን ጫካ ለጫካ። መሪያችን ማሴሬካ የዚያው ተራራ ልጅ ነው፤ ደግ ሰው። አንድ ቀን ዓይናችንን በጨርቅ ሊያስር መጣና፣ "ወደ ኋላ ውደቁ፣ ጓደኞቻችሁ ይይዟችኋል፤ ሰው ማመን የሚለመደው እንዲህ ነው" አለን። ምላሰኛዋ ላኮት፣ "ጌታው፣ ባለፈው ዓይኔን ያሰረኝም እንዳንተ ሳቂታ ነበር" አለችው። ሁላችንም ሳቅን፤ እሱ ግን ጨርቁን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

አልዋሽህም፣ ጫፉ ላይ ስደርስ ደስ አለኝ። ጭነት ሳይኖርብኝ ዳገት ስወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። ለማን ልንገረው ስል አንተ መጣህብኝ፤ ደስታዬ ኮመጠጠ።

ወደ መጠለያው ስንመለስ ማሴሬካ ቀድሞን ደርሶ፣ ርቆ የከረመ ሰው እንቁላል ረግጦ ቤቱ ይገባል የሚለውን የእኛን የአቾሊዎችን ወግ ከሰው ሰምቶ ኖሮ፣ በሩ ላይ እንቁላል ደርድሮ ጠበቀን። "ረግጣችሁ ግቡ፣ እንኳን ወደ ቤታችሁ መጣችሁ" አለ። ላኮት ረገጠችና ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ወገኖቿ የት እንዳሉ አታውቅም። እኔ ደግሞ አንተ ከእስር ቤት የተመለስክበት ቀን ትዝ አለኝ። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደጃፋችን ላይ እንቁላል አስቀመጠልህ፣ ዘመድ ሁሉ ቆሞ እያየህ ረግጠህ ገባህ። ምን አድርገህ እንደታሰርክ የጠየቀህ አልነበረም። እኔ ግን ልጄን አዝዬ ደጅህ ስቆም፣ "ያማፂ ዘር ያባቴን ግቢ አይረግጥም" አልከኝ። ከትምህርት ቤት መንገድ ጎትተው የወሰዱኝን፣ ወድጄ የኮበለልኩ አስመሰልከው። ሰው ደጃፍ ላይ የረገጡት እንቁላል ቤት አያስገባም፤ ስለዚህ የእኔን ድርሻ ሳልረግጥ አንስቼ ቀቀልኩትና አቲምን አበላኋት።

ዝናቡ ሳይገባ በገበያ ቀን እመጣለሁ፣ ከልጄ ጋር። ሁለት እንቁላል አስቀምጥ። ሁለቱን ካየሁ እኔም እረግጣለሁ፣ እሷም ትረግጣለች፣ ያለፈውንም አላነሳብህም። አንድ ብቻ ካየሁ ግን አባዬ የተከለውን ማንጎ ከመንገድ አሳይቻት አልፋለሁ። መሄዱን እንደሆነ አማፂዎቹም መጠለያውም ደጋግመው አስተምረውኛል።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። ባለቤትህን አዶንግን ሰላም በልልኝ። ኦኔንንና ላሙኑን፣ አክስት እንዳላቸው ከነገርካቸው፣ ሳምልኝ። ዶሮዎችህንም ሰላም በልልኝ፤ እነሱስ አይሰስቱብኝም።

እህትህ አቺሮ
ጉሉ፣ የካቲት 14 ቀን 2009 እ.ኤ.አ.