የአይሊ ግራ እጅ

ውድ ወንድሜ ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና ያግኝህ። እንዴት ከርመሃል? የአላስካ ብርድ ጣቶችህን አልጎዳብህም? እናታችን ደኅና ናት፤ ወሽመጡ በረዶ ለብሷል፤ እኔም በቤተ መጻሕፍቱ ሥራዬ ላይ ነኝ። ደኅና ነኝ ብል ግን እውነቱን ማጉደል ይሆንብኛልና ፍርሃቴን ልንገርህ።

ነገሩ ስለ ታናሽ እህታችን ስለ አይሊ ነው። አሥራ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላት የበር ደወል ሠርታለች፤ በምስማር ላይ ሽቦ ጠምጥማ ማግኔት አበጅታለች። እስከዚህ ድረስ ኩራት እንጂ ስጋት አልነበረኝም። ቅዳሜ ዕለት ሁላችንም የእንፋሎት መታጠቢያ ጎጆአችን፣ ሳውናው፣ ገብተን ከታጠብን በኋላ ግን የረሳሁትን ፎጣ ላመጣ ወደ ጎጆው ብመለስ፣ አይሊ የአባባን አሮጌ ራዲዮ ሆዱን ዘርግፋ ቆማለች። የኤሌክትሪኩን ገመድ ከቤት በመስኮት ስባዋለች። ጎጆውን የመረጠችው ስለሚሞቅ ነው። ወለሉ ገና ውሃ አዝሏል፤ እግሯ ባዶ ነው፤ ግራ እጇን ኪሷ ውስጥ ከትታለች።

ጮኽሁ። እርሷም ዞር እንኳ ሳትል፣ «ቀስ በይ፣ ፕሮፌሰር! ነቅዬዋለሁ እኮ። አንቺ አምፖል ስትቀይሪም ትጸልያለሽ» አለችኝ። ከተነቀለ እጅሽን ለምን ደበቅሽ ብላት፣ «ይቺ ኤሌክትሪክ አጠራቃሚ ጣሳ ራዲዮው ከተነቀለም በኋላ ትናከሳለች» ብላ እጀታው ፕላስቲክ በሆነ መፍቻ ነካቻት። ሰማያዊ ብልጭታ ጧ አለ።

ማን አስተማረሽ ስላት ስምህን ጠራች። አባባን በቀበርን ማግሥት በረንዳው ላይ አስቀምጠህ፣ «የሽቦ ሰው አንድ እጁን ኪሱ ይከታል፤ ሁለቱን ከሰደደ ኤሌክትሪኩ በልቡ በኩል ያልፋል» ብለሃታል። እኛ የነገርናት አባባ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ሲሠራ ልቡ ደክሞ እንደ ሞተ ነበር።

«ልጅ ነኝ እንጂ ቂል አይደለሁም» አለችኝ። «ምሰሶ ላይ በሁለት እጅ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ኃይሉ ተቋርጦ ነበር። ታዲያ አባባን የገደለውን ኃይል ማን መልሶ ለቀቀው?»

ያን ዕለት ወደ መስመሩ የወጣችሁት አንተና አባባ ብቻ እንደነበራችሁ አውቃለሁ። ብዙም ሳትቆይ ወደ ሰሜን የሄድህበትን ምክንያት ጠይቄህ አላውቅም፤ ዛሬም አልጠይቅህም።

እርሷ ግን መልሱን ከሽቦ ልታወጣ ቆርጣለች። ቀጥላ ከቤቱ ጀርባ ያለውን የኤሌክትሪክ መስመር ሳጥን እንደምትከፍት ነግራኛለች። ቁልፉን ደብቄአለሁ፤ ቁልፍ ማበጀት ግን ለእርሷ ምን ይከብዳታል? ብከለክላት ተደብቃ ትሠራለች፤ ላስተምራት ብል ከመጽሐፍ ካነበብሁት በቀር አላውቅም። እባክህ ና። በእጇ ከምትፈልገው ከአንተ አፍ ብትሰማው ይሻላል።

እናታችን በየቅዳሜው ሳውናው ውስጥ ለአንተም ፎጣ ትሰቅላለች። እርሷም አትጠይቅህም።

አምላክ ከምሰሶው ከፍታና ከመንገዱ በረዶ ጠብቆ በደጃችን ያቁምህ።

የምትወድህ እህትህ