እሾህ አጥር ላይ የተጣለው ብስክሌትህ

ይድረስ ለምወድህና እንደ አባት ለማይህ ወንድሜ ለጋሼ ካሳው፤
ጅቡቲ።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህ እንዴት ነው? የወደቡ ሙቀትስ በረድ አለልህ ወይ? ቆንጅትስ፣ ያቺ ያላየናት ልጃችሁስ? ጥርስ አበቀለች ወይ? እኛ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። ማሽላው ዘንድሮ አንገቱን ደፍቷል፤ እማንም ወገቧን ተሽሏታል።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። እሁድ ስትደውል «ምትኩን እንኳን ደስ አለህ ብዬዋለሁ፤ አንተም ደክሞህ ብትቀር አይዞህ፣ ጉልበት በልምድ ይመጣል» አልከኝ። እውነቱን ያን ጊዜ ልነግርህ አልቻልኩም። እማ አጠገቤ ነበረች፤ «ለካሳው እንዳትነግር፣ ከእህቴ ጋር ታቆራርጠኛለህ» ብላኛለች። ጋሼ፣ እኔ ደክሞኝ አልቀረሁም። ከእኔ አፍ ሳትሰማ ማመንህ አንጀቴን አቃጠለው። ሾፌሩ ረመዳን በጭነት መኪናው ወደዚያ ስለሚወርድ ይህን በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ።

ከሮቢት ተነስቶ፣ በቆቦ አልፎ ዋጃ ደርሶ ቆቦ የሚመለስ የብስክሌት ውድድር በወረዳችን ሲዘጋጅ የመጀመሪያው ነው። አንደኛ የወጣ ደሴ ለስልጠና ይሄዳል ተባለ። እኔ ባንተ ብስክሌት፣ የአክስታችን ልጅ ምትኩ በራሱ፣ ሦስት ወር አብረን ተለማመድን። የቆላውን ንፋስ እየተፈራረቅን ልንመክት፣ አንዱ ቢቸገር ሌላው ሊጠብቅ፣ ቆቦ መግቢያ እስክንደርስ ላንለያይ ተማምለን ነበር። ሮቢት ላይ ገና ሳንነሳ የምትኩ ጎማ ተንፍሶ ተገኘ። ለራሴ የያዝኳትን አንዲት ትርፍ ካላማዳሪ አውጥቼ ሰጠሁት።

ከዋጃ ስንመለስ ሁለታችን ከሁሉ ቀድመን ነበር። ከከተማው እንደወጣን ጀናዛ አስፋልቱን ሊያቋርጥ መጣ። ጀናዛ ሲያልፍ ተወርዶ እንደሚቆም፣ ቃሬዛውንም ጥቂት እርምጃ ማገዝ ወግ እንደሆነ አንተው ነህ ያስተማርከኝ። ጎረምሳው ሁሉ እኛን ሊያይ ቆቦ ሄዶ፣ የተሸከሙት ሽማግሌዎች ነበሩ። ምትኩን «ብስክሌቱን ያዝልኝ፣ አሻግሬያቸው መጣሁ» ብዬ ትከሻዬን ሰጠሁ። ከመቶ እርምጃ አይበልጥም። ስመለስ ምትኩ የለም። ብስክሌትህን እሾህ አጥር ላይ ጥሎት ሄዷል። የኋላው ጎማ ተወግቶ ሙትት ብሏል፤ መለወጫዋ ደግሞ ምትኩ ጋ ናት። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ለቀስተኞቹ ለሟቹ መሰላቸው።

ብስክሌቱን እየገፋሁ ሳለ የሟቹ ልጅ ሙሀመድሰይድ ከቀብር ሲመለስ አገኘኝ። «አባቴን የተሸከመ ሰው በእግሩ አገሩ አይገባም» ብሎ፣ በዚያ ሐዘኑ፣ መለጠፊያ ከቤቱ አስመጥቶ በገዛ እጁ ለጠፈልኝ። ቆቦ ስደርስ ባነሩ ወርዶ ሰዉ ተበትኗል። ምትኩም አንደኛ ወጥቶ፣ «ዋጃ ላይ ደክሞት ቀረ» ብሎ ለዘመዱ ሁሉ አውርቶ ጨርሷል። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ተረት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ትናንት ደግሞ ቤት መጣ። ለደሴ ያንተን ብስክሌት እንዲወስድ ፈቅደህለት ኖሯል። እማ «ስጠው፣ ቤት አታፍርስ» ትለኛለች፤ እውነቱን እያወቀች። አልሰጠሁም። ብስክሌቱ ያንተ ነው፤ ይህን አንብበህ ዳግመኛ ስጠው ካልከኝ፣ አጥቤ እሰጠዋለሁ። ሳታውቅ በሰጠኸው ቃል ግን አታስገድደኝ።

ቆንጅትን ሰላም በልልኝ፤ ልጅቷን ጉንጯን ሳምልኝ። እማ ሌት ተቀን በጸሎቷ ታስብሃለች። እህታችን ሔራን ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ናፍቀኸኛል በልልኝ ትላለች። የምትኩ እናት አክስቴ ፋንታዬ ምንም አታውቅም፤ ዓይንህን ስማለች። ምትኩም ሰላም በልልኝ ብሎኝ ነበር። የእሱን ራሱ ያድርስልህ።

ታናሽ ወንድምህ ይሁኔ
ቆቦ፣ ኅዳር 4 ቀን 2012 ዓ.ም.