«ሬዲዮ ዝጉ» ሲሉ የኖሩት የአቶ አላሊቦ ኦፑቦ የሕይወት ታሪክ

አቶ አላሊቦ ኦፑቦ ከዓሣ አጥማጁ አባታቸው ከአቶ ኦፑቦ ዳግባና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዳታ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 በቡጉማ ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን በትውልድ ከተማቸውና በፖርት ሃርኮርት ተከታትለው በ1984 በአንድ ኩባንያ የነዳጅ ጉድጓድ ሥራ ተቀጠሩ። ሥራቸው ፈንጂ የተሞላ የብረት ቱቦ ወደ ጉድጓዱ አውርዶ በማፈንዳት፣ ግድግዳውን በስቶ ነዳጁ እንዲፈስ ማድረግ ነበር።

በ1990 ወ/ሮ ኢቢሶን አግብተው ቤሌማንና ቶንዬን ወለዱ። የሥራቸውን ሕግ ቤታቸው ድረስ ይዘውት ይመጡ ስለነበር ልጆቻቸው ሳይቀሩ በቃላቸው ያውቁታል። ማፈንጃው ከፈንጂው ጋር ሲያያዝ ሬዲዮም ስልክም ይዘጋል፤ ሞገዱ ሊያፈነዳው ይችላልና። ከቱቦው አጠገብ የሚቆመውም አንድ ሰው ብቻ ነው። የሠራተኛውን ስልክ በዓሣ ቅርጫት እየዞሩ ስለሚሰበስቡ ጓደኞቻቸው «ቀራጩ» ይሏቸው ነበር። እሳቸውም «ስልክህ ቢናፍቅህ ይሻላል፣ አንተ እናትህን ከምትናፍቃት» ብለው ይቀበሉታል። በእሳቸው ፈረቃ አንድም ሰው አልተጎዳም። ለዚህ የሸለማቸው የለም፤ «ሥራ አጓታች» የሚል ስም ግን ተርፏቸዋል።

በመጋቢት 2019 አቶ አላሊቦ ሌሎቹን አርቀው፣ ብቻቸውን ማፈንጃውን በማያያዝ ላይ ነበሩ። አለቃቸው ምሳ የጫነችው ጀልባ ዘገየችበትና የተዘጋውን ሬዲዮ ከፈተ። «አንድ ጥሪ ምን ታመጣለች?» ማለቱን አጠገቡ የነበሩ ሠራተኞች በኋላ ለቤተሰቡ ነግረዋል። ያመጣችውን ዛሬ ተሸክመነው መጥተናል።

ሆስፒታል ሲነቁ ባለቤታቸውን የጠየቁት «ሬዲዮውን ማን ከፈተው?» ብለው ነው። ወ/ሮ ኢቢሶ ያን ጊዜ አያውቁም ነበር። አቶ አላሊቦ መልሱን ሳይሰሙ ሚያዝያ 2 ቀን አረፉ።

ኩባንያው የአበባ ጉንጉን ልኳል፤ «በራሳቸው ቸልተኝነት» የሚል መግለጫም አውጥቷል። ሰው «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል፤ እነዚህ ግን ሙት ከመውቀስ ሌላ ሥራ አላገኙም። ቤተሰቡ ይህን ቃል አይቀበልም፤ እውነቱም ከሣጥናቸው ጋር እዚህ አይቀበርም።

አቶ አላሊቦ ባለትዳርና የአንዲት ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ አባት ነበሩ። ጌታ ነፍሳቸውን ድንጋጤ በሌለበት ሥፍራ ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም እውነቱን የምንናገርበት አንደበት ይስጠን።

አስከሬናቸው እስኪወርድ ድረስ ሁላችንም ስልካችንን እንዘጋለን። ቅርጫቱን ይዛ የምትዞረው ልጃቸው ቤሌማ ናት፤ የኩባንያው ሰዎች ከተቀመጡበት ከፊተኛው ወንበር ትጀምራለች።