ልጅዎን የወሰዳት ማን እንደሆነ

ውድ እትዬ፣

ከነኩርፊያዎ እንደምን ከርመዋል? ልጅዎን ጤና ጣቢያ የወሰዳት ማን እንደሆነ ለማወቅ ጎረቤቱን ሁሉ ሲያፋጥጡ ሰነበቱ አሉ። ምስኪኖቹን ይተዋቸው። እኔ ነኝ፤ ያ ወሬኛ ሽማግሌ።

ባለቤቴ፣ ታናሽ እህትዎ፣ ያለጊዜው ደም ሲፈሳት “ልመርመር” ብላ ልብሷን ለባብሳ ነበር። እርስዎ በሩ ላይ ቆመው፣ “አንቺ ደግሞ! ዕድሜ ነው፣ ይተውሻል። ገመናሽን ለባዕድ ልታሳዪ ነው?” አሏት። ታላቅ እህቷን ሰምታ ጫማዋን አወለቀች። ኋላ ስትመረመር የማህፀን በር ካንሰሩ ሐኪሞቹን ቀድሟቸው ነበር። የቀበርናት ዕለት ከሁሉም አብልጠው ያለቀሱት እርስዎ ነዎት። እኔ ቂሜን ቋጥሬ ቤቴ ገባሁ።

ዘንድሮ ነርሷ የልጅ ልጄ ጤና ጣቢያው ውስጥ ለዚሁ ካንሰር አዲስ የምርመራ መሣሪያ ትፈትሽ ጀመር። ሴቷ ራሷ፣ መጋረጃ ጋርዳ፣ ናሙና የምትወስድበት ለስላሳ ብሩሽ ነው። እንዴት እንደሳቅሁ! “ባዕድ ያየኛል” የምትለዋ ሰበብዎ አለቀላት።

ልጅዎን መንገድ ላይ ጠብቄ ነገሩን አጫወትኳት። “እናትሽም በጣም ትናደዳለች” አልኳት።

“እንዲህ ከሆነማ ዛሬውኑ እንሂድ ጋሼ!”

ነርሷ ስታስረዳት ግን ከክፍሉ ወጥታ አፈጠጠችብኝ። “እኔ ከወሰድኩ በኋላ እሷም ናሙና ደግማ ልትወስድልኝ ነው እኮ! ማንም አያይሽም አላሉኝም?”

“አዲስ ሚዛን ሲመጣ በነባሩ አይፈተሽም? ያንቺና የነርሷ ካልተነጻጸሩ መሣሪያው መዋሸት አለመዋሸቱን በምን ያውቁታል? ካልፈለግሽ እንሂድ።”

“እርስዎ እኮ ሰይጣን ነዎት!” ብላ እየሳቀች ተመልሳ ገባች።

ሁለቱም ናሙናዎች አንድ ቃል ተናገሩ፤ ያንን ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ አለ። ውጤቱን ስትሰማ አግዳሚው ላይ አጠገቧ ነበርኩ። አልዋሽዎትም፣ “አሁን እናቲቱም ትቅመሰው!” የሚል ነገር ልቤ ውስጥ ብልጭ አለ። ወዲያው ልጅቷ እጄን ያዘች። መዳፏ ቀዝቅዟል። እህትዎም ሲጨንቃት እንዲሁ ነበር መዳፏ የሚቀዘቅዘው። እጄን ማስለቀቅ አቃተኝ።

ሐኪሟ ስታያት ገና ካንሰር ያልሆነ፣ ለመሆን የሚያደባ ነገር አገኘችባት። እዚያው ቦታውን በሙቀት አቃጥላ አከመቻት፤ በእግሯ ቤቷ ገባች። ይህን እንድነግርዎ የፈቀደችልኝ ራሷ ናት፤ “ጩኸቷን እኔ አልችለውም፣ እርስዎ ይቻሉት” ብላ።

እንግዲህ በቀሌ ይኸውልዎ፤ ልጅዎ ትኖራለች። በየማለዳው “እማዬ” ባለችዎ ቁጥር፣ እኔ ቤት ያንን ስም ቢጠሩ “አቤት” የሚላቸው ያጡትን ልጆች ያስቡ። ይቅር አላልኩዎትም፤ አልልዎትምም።

ለክትትል ስትጠራ ብቻዋን መሄድ ፈርታለች። ጫማዎን ያድርጉና አብረዋት ይሂዱ።

በሩ ላይ ግን እንዳይቆሙ።

የእህትዎ ባል